አዮናዊ ፈሳሾች በሰው የጉበት ሕዋስ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት እንዴት እንለካ? ለቤተ ሙከራ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

የገበታ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አዮናዊ ፈሳሽ የሚባሉት ጨዎች ግን ከ100 ዲግሪ በታች ይቀልጣሉ፤ ብዙዎቹም በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆነው ይገኛሉ። ፖል ቫልደን እ.ኤ.አ. በ1914 በ12 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጠውን ኢታይልአሞኒየም ናይትሬት ካስተዋወቀ በኋላ ጉዳዩ ለአሥርተ ዓመታት ብዙም ትኩረት ሳያገኝ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1992 አየርና እርጥበት የማይበግራቸው የኢሚዳዞሊየም ጨዎች ሲሠሩ ግን የኬሚስቶቹ ፊት ሁሉ ወደዚያ ዞረ። እነዚህ ጨዎች አይተኑም ማለት ይቻላል፣ በቀላሉ እሳት አይዙም፣ ሴሉሎስን የመሰለ እልኸኛ ነገር ሳይቀር ያሟሟሉ። «አረንጓዴ አሟሚ» የሚለውን ማዕረግ ያገኙትም በዚህ ነው።

ማዕረጉ ግን የቆመው በአንድ እግሩ ነው። የማይተን ነገር በትነት መልክ ሳንባ ውስጥ አይገባም፤ ይህ እውነት ነው። ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ከሕዋስ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሠራ ግን አለመትነኑ አይነግረንም። በብሪታንያ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ በተወሰደ አፈር ውስጥ ከእነዚሁ ጨዎች አንዱን፣ ኦክታይል-ሜታይል-ኢሚዳዞሊየም የተባለውን፣ አገኙ። በሕዋስ ላይ ሲሞክሩት የማይቶኮንድሪያን፣ ማለትም የሕዋሱን የጉልበት ማመንጫዎች፣ አተነፋፈስ ገታ፤ ሕዋሳቱም ራሳቸውን በራሳቸው የማጥፋት መንገድ ውስጥ ገቡ። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት መላምት ይህ ኬሚካል የሰውነት መከላከያ የገዛ ጉበትን የሐሞት ቱቦዎች ከሚያጠቃበት በሽታ ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይችላል የሚል ነው። መላምት መሆኑን አስምሩበት፤ ከአፈር ናሙና እስከ ሕመምተኛ ጉበት ያለው መንገድ ረጅም ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው የሕዋስ ማሳደጊያ ክፍል ላለው የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ተማሪ ነው። ኦክታይሉን ከአጭር ዘመዱ ከቡታይል-ሜታይል-ኢሚዳዞሊየም ጋር አነጻጽረን ሄፕጂ-2 በተባሉት የሰው ጉበት ሕዋሳት ላይ እንሞክራለን። በየጽሑፉ «ይህን ያህል ማይክሮሞላር ግማሹን ገደለ» የሚል ቁጥር ይነበባል። ቁጥሩ የኬሚካሉ ብቻ ሳይሆን የምግቡ፣ የሴረሙ (ምግቡ ላይ የሚጨመረው የደም ፈሳሽ ክፍል)፣ የሰዓቱና የመለኪያው ጭምር መሆኑን ግን ብዙ ጀማሪ አያስተውልም። ከዚህ በታች ያለው ድካም ሁሉ እነዚህን ከኬሚካሉ ለመለየት ነው።

1. መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡ

አዮናዊ ፈሳሽ ሁለት ክፍል አለው፤ አዎንታዊው አዮንና አሉታዊው አዮን። በኢሚዳዞሊየም ቤተሰብ አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው አዎንታዊው ነው፤ በተለይም ከእርሱ ጋር የተያያዘው የካርቦን ጅራት። የአዮኑ ቀለበት ሙሙት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙሉን (ቻርጁን) ይዞ ውኃ ይወዳል፣ ጅራቱ ውኃ ይሸሻል። ሁለት ጠባይ ያለው እንዲህ ያለ ሞለኪውል እንደ ሳሙና የሕዋስ ሽፋን ውስጥ ይሰነቀራል። ጅራቱ በረዘመ ቁጥር በሽፋኑ ስብ ውስጥ መግባቱ ይቀልለዋል፤ ከ4 ካርቦን ወደ 8 ካርቦን ሲኬድ መርዛማነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ሊጨምር ይችላል። በጣም ሲረዝም ደግሞ በውኃ መሟሟት ስለሚያቅተው ጭማሪው ይገታል።

ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ይሁን፦ አሉታዊው አዮን ሳይለወጥ ጅራቱ ብቻ ከቡታይል ወደ ኦክታይል ቢረዝም ምን ይከተላል? ሁለቱንም በክሎራይድ መልክ ግዙ። ክሎራይድ ማሳደጊያ ፈሳሹ ውስጥ አስቀድሞ በብዛት ስላለ አዲስ ነገር አያመጣም። ቴትራፍሎሮቦሬትና ሄክሳፍሎሮፎስፌት የያዙትን ግን ለዚህ ሥራ ተዉአቸው። በውኃ ውስጥ፣ በተለይ ሲሞቁ፣ ቀስ በቀስ ተሰባብረው ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ሊያወጡ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሕዋሱን የገደለው ጨዉ ይሁን ፍሎራይዱ ማን ያውቃል? ከዚህም በላይ ፍሎራይዱ ለሠሪውም ለብርጭቆውም አደገኛ ነው።

ሦስተኛ ዕቃ ግዙ፤ ተራ ሶዲየም ክሎራይድ። ለምን እንደሚያስፈልግ ቁጥር 5 ላይ ይመጣል።

2. ጨዉን መርምሩ፣ ከዚያ መዝኑ

ጠርሙሱ ላይ «98 በመቶ ንጹሕ» ተብሎ ተጽፎ ይመጣል። ቀሪው 2 በመቶ ምንድን ነው? በእነዚህ ጨዎች ውስጥ የተለመዱት ቅሪቶች ከአሠራሩ የተረፈ ሜታይል-ኢሚዳዞልና ውኃ ናቸው። የመጀመሪያው ራሱን የቻለ መርዝ ነው። የኬሚስትሪ ክፍላችሁ የኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ መሣሪያ ካለው ጥቂት ናሙና ላኩ፤ ከሌለው የአምራቹን የጥራት የምስክር ወረቀት በምርት ቁጥሩ ጠይቃችሁ ከውጤቱ ጋር አስቀምጡ።

ውኃው የበለጠ አስቸጋሪ ነው። ሁለቱም ክሎራይዶች እርጥበትን ከአየር ይስባሉ፤ በክረምት ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ በማግስቱ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። የካርል ፊሸር መለኪያ ካለ የውኃውን መጠን ለኩና ሂሳቡን አስተካክሉ። ከሌለ በቫኪዩም ውስጥ ሙቀት እየሰጣችሁ አድርቁ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም በትንንሽ ጠርሙስ ከፋፍላችሁ በማድረቂያ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ።

ሂሳቡ ይህን ይመስላል። የኦክታይሉ ክሎራይድ ሞላር ክብደት 230.8፣ የቡታይሉ 174.7 ነው። 10 ሚሊሊትር የ100 ሚሊሞላር የኦክታይል ሙሙት ለማዘጋጀት 230.8 ሚሊግራም ያስፈልጋል። ጨዉ 4 በመቶ ውኃ ካለበት 230.8ን ለ0.96 አካፍላችሁ 240.4 ሚሊግራም ትመዝናላችሁ። ኦክታይሉ ዝልግልግ ፈሳሽ ስለሆነ በፒፔት መጠኑን ለመውሰድ አትሞክሩ፤ ግማሹ ጫፉ ላይ ይቀራል። በቀጥታ ሙሙቱ በሚዘጋጅበት ቱቦ ውስጥ አንጠባጥባችሁ መዝኑ፤ የተመዘነውን ትክክለኛ ክብደት ጽፋችሁ የፈሳሹን መጠን በእርሱ ልክ አስተካክሉ። ቡታይሉ በክፍል ሙቀት ጠጣር ስለሆነ ይቀልላል፤ ብቻ ፍጠኑ።

አሟሚው ውኃ ሳይሆን ራሱ የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሹ ይሁን። በውኃ የተዘጋጀ ሙሙት ከፍ ባለ መጠን ሲጨመር ምግቡን ያቀጥነዋል፤ ሕዋሱም በረሃብ የተጎዳውን በመርዝ የተጎዳ አስመስሎ ያሳያል። ሙሙቱን በ0.2 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፉ።

ጓንት፣ መነጽርና ካፖርት የግድ ነው። አለመትነኑ ቆዳን አያድንም፤ ቡታይሉ ሲዋጥ መርዝ መሆኑ በጠርሙሱ መለያ ላይ ተጽፎ ይመጣል።

3. ሕዋሳቱን አዘጋጁ

ሄፕጂ-2 የተገኘው ከአንድ የ15 ዓመት ልጅ የጉበት ዕጢ ነው። በቀላሉ ይራባል፣ በየቤተ ሙከራው አለ፣ ከሌላው ሰው ውጤት ጋር ለማነጻጸር ይመቻል። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ መድኃኒትና መርዝ የሚያፈራርሱት የጉበት ኢንዛይሞች በውስጡ በጣም አነስተኛ ናቸው። ይህ ጉድለት ውጤቱን ስንተረጉም ዋጋ ያስከፍለናል።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሕዋሳቱ ከማይኮፕላዝማ ነጻ መሆናቸውን አስመርምሩ። ማይኮፕላዝማ የሕዋሱን ምግብ የሚሻማ ጥቃቅን ባክቴሪያ ነው፤ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ ፈሳሹን አያደፈርስም፣ የምርመራውን ቀለም ግን ያዛባል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ባሕር ጠለል ላይ ባለ ከተማ የሚሠራ አንባቢ ይህን አንቀጽ ሊዘለው ይችላል። ኢንኩቤተር፣ ማለትም ሕዋሱ የሚያድግበት ሙቅ ሳጥን፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ይስተካከላል። ፒኤቹን የሚወስነው ግን መቶኛው ሳይሆን የጋዙ ግፊት ነው። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ 5 በመቶ በባሕር ጠለል 3.7 በመቶ ገደማ እንደማለት ይሆንና ፒኤቹ በ0.13 ያህል ከፍ ይላል። 44 ሚሊሞላር ባይካርቦኔት ያለው ማሳደጊያ ፈሳሽ ድሮውንም ለ10 በመቶ የተቀመመ ስለሆነ በእርሱ ላይ ይብሳል፤ ሕዋስ የሌለበት ፈሳሽ ወደ 7.8 ሊጠጋ ይችላል። የአንዳንድ ኢንኩቤተር መለኪያ ግን ከተማው ላይ ካልተስተካከለ በስክሪኑ የሚያሳየው ራሱ ከፍታውን በከፊል ያካተተ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማስተካከያውን በግምት አትንኩ። ሕዋስ የሌለበት ማሳደጊያ ፈሳሽ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ሌሊቱን ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድሩ፣ ጠዋት እንዳወጣችሁ ሳይዘገይ ፒኤቹን ለኩ፣ ከ7.2 እስከ 7.5 እስኪገባ ጋዙን ጨምሩ። የኢሚዳዞሊየሙ ቻርጅ ፒኤች ስለተለወጠ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሕዋሱ ሁኔታ ነው፤ የሚያሳስተንም እርሱ ነው።

ሕዋሳቱ የጠርሙሱን ወለል ከ70 እስከ 80 በመቶ ሲሸፍኑ ትሪፕሲን በተባለው ኢንዛይም ከወለሉ አላቅቁ። ሄፕጂ-2 መጠቅለል ይወዳል፤ ጥቅልሎቹ እስኪበታተኑ ቀስ ብላችሁ በፒፔት ደጋግማችሁ ሳቡና ልቀቁ። የሞቱትን ብቻ ከሚያቀልመው ከትሪፓን ብሉ ጋር እኩል ቀላቅላችሁ በመቁጠሪያ መስተዋት ላይ ቁጠሩ። ምሳሌ፦ በአራቱ የማዕዘን ካሬዎች 240 ሕያው ሕዋስ ቢገኝ አማካዩ 60 ነው። በ2 ስታባዙት፣ ከዚያም በ10,000 ስታባዙት በሚሊሊትር 1.2 ሚሊዮን ይሆናል። የእኛ ፍላጎት በሚሊሊትር 150,000 ስለሆነ 1 ሚሊሊትር ሕዋስ በ7 ሚሊሊትር ማሳደጊያ ፈሳሽ ትበርዛላችሁ። 8 ሚሊሊትሩ ለአንድ ፕሌት (ጉድጓዶች ላሉት የሙከራ ሳህን) ይበቃል። በየጉድጓዱ 100 ማይክሮሊትር፣ ማለትም 15,000 ሕዋስ። ሕያዋኑ ከ90 በመቶ በታች ከሆኑ የዕለቱን ሥራ ተዉት።

4. ሁለት ዓይነት ምግብ

ይህ ደረጃ በብዙ ሰው ሥራ ውስጥ አይገኝም፤ ለእኔ ግን የመመሪያው እምብርት ነው።

የካንሰር ሕዋሳት በሊትር 4.5 ግራም ግሉኮስ ባለበት የተለመደ ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ሲያድጉ ጉልበታቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ግሉኮስን ያለ ኦክስጅን በማፍረስ ነው። ማይቶኮንድሪያቸው ቢዘጋ እንኳ አይቸገሩም። ኦክታይሉ ደግሞ የሚመታው በተለይ ማይቶኮንድሪያን ነው። በግሉኮስ የጠገበ ሕዋስ ላይ የሚለካ ማይቶኮንድሪያን የሚመታ መርዝ ከእውነቱ ይልቅ የዋህ መስሎ ይታያል።

መፍትሔው ግሉኮሱን በጋላክቶስ መተካት ነው። ሕዋሱ ጋላክቶስን በዚያ መንገድ ሲያፈርስ የሚያተርፈው ጉልበት ስለማይበቃው ወደ ማይቶኮንድሪያው ለመመለስ ይገደዳል። ግሉኮስ የሌለበትን ማሳደጊያ ፈሳሽ ግዙና 10 ሚሊሞላር ጋላክቶስ፣ 2 ሚሊሞላር ግሉታሚን፣ 1 ሚሊሞላር ፓይሩቬት ጨምሩበት። ሴረሙ ትንንሽ ሞለኪውሎች ተጣርተው የወጡለት መሆን አለበት፤ ተራ ሴረም የራሱን ግሉኮስ ይዞ ይመጣልና። ሕዋሳቱ ጋላክቶሱን እንዲላመዱ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት አስጀምሯቸው፤ ቀስ ብለው ስለሚራቡ የጋላክቶሱን ፕሌት ትንሽ አብዝታችሁ ዝሩ። በመጨረሻ ያልተመረዙት ጉድጓዶች በሁለቱም ፕሌቶች ተቀራራቢ ሕዋስ እንዲኖራቸው ነው ሐሳቡ።

ሮቴኖን የሚባለውን የታወቀ የማይቶኮንድሪያ መርዝ መነጻጸሪያ አድርጉ። ሮቴኖን በጋላክቶሱ ገድሎ በግሉኮሱ ብዙም ካልጎዳ ሥርዓታችሁ ሠርቷል። በሁለቱም እኩል ከገደለ ወይም በሁለቱም ካልገደለ ችግሩን ሳትፈቱ ወደ አዮናዊ ፈሳሹ አትለፉ።

ስለ ሴረም አንድ ቃል፦ ፕሮቲኖቹ ኦክታይሉን የመሰለ ጅራተ ረጅም አዮን ሊይዙት ስለሚችሉ ነጻ ሆኖ ወደ ሕዋሱ የሚደርሰው ይቀንሳል። በምርዛው ወቅት ከ10 በመቶ ሴረም ይልቅ 2 በመቶ ይሻላል፤ ዋናው ግን በሁሉም ፕሌት አንድ መሆኑና መጻፉ ነው። ፌኖል ሬድ የተባለው ቀይ ማቅለሚያ የሌለበትን ፈሳሽ ምረጡ፤ ንባቡን ያደናቅፋል።

5. ፕሌቱን በወረቀት ላይ ሳሉ

ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ የዳሮቹ 36 ጉድጓዶች ውኃቸው ቶሎ ይተናል፤ ጨው ላይ በሚደረግ ሥራ ደግሞ ትነት ማለት የጨው መጠን መጨመር ነው። ዳሮቹን በጨው ውኃ ሙሏቸው። ከመካከላቸው ስድስቱን ብቻ ሕዋስ የሌለበት ማሳደጊያ ፈሳሽ አድርጉባቸው፤ እነዚህ ባዶ ንባብ ይሰጣሉ።

በውስጥ ያሉት 60 ጉድጓዶች 6 ረድፍ በ10 ዓምድ ናቸው። የመጀመሪያው ዓምድ ያልተመረዘ፣ ቀጣዮቹ 8 ዓምዶች ስምንት መጠኖች፣ የመጨረሻው ዓምድ በኋላ ትራይተን በተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል ሙሉ በሙሉ የሚፈነዳ። ላይኛዎቹ 3 ረድፎች ለኦክታይል፣ ታችኛዎቹ 3 ለቡታይል።

የኦክታይሉ መጠን በመጨረሻ ከ1 ማይክሮሞላር ተነሥቶ እስከ 3.16 ሚሊሞላር ይድረስ፤ የቡታይሉ ከ10 ማይክሮሞላር እስከ 31.6 ሚሊሞላር። በየደረጃው 3.16 እጥፍ ልዩነት አለ። ቡታይሉ ለምን አሥር እጥፍ ከፍ አለ? ጅራቱ አጭር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው በሚሊሞላር ክልል ነው። እዚህ ላይ ነው ሶዲየም ክሎራይዱ የሚያስፈልገው። 31.6 ሚሊሞላር ጨው የፈሳሹን ኦስሞላሊቲ (የሟሙ ቅንጣቶች ብዛት) በ60 ሚሊኦስሞል ገደማ ይጨምራል፤ ማሳደጊያ ፈሳሹ ደግሞ ሲጀመር 300 አካባቢ ነው። ውኃው ከሕዋሱ ስለወጣ ብቻ ጉዳት ሊታይ ይችላል። ሌላ ፕሌት ላይ ሶዲየም ክሎራይድን በቡታይሉ ልክ ሞክሩ፤ በዚያ የታየው ጉዳት የጨውነት እንጂ የኢሚዳዞሊየም አይደለም።

ሕዋስ በሌለባቸው ጥቂት ጉድጓዶች ደግሞ ከፍተኛውን የኦክታይል መጠን ከምርመራው ቀለሞች ጋር ብቻ ቀላቅሉ። ቀለም ከታየ ኬሚካሉ ራሱ ንባቡን እያዛባ ነው።

6. መርዙን ጨምሩ

ሕዋሳቱ ከተዘሩ 24 ሰዓት ሲሞላቸው በማይክሮስኮፕ እዩአቸው፤ ወለሉ ላይ መጣበቅና መዘርጋት አለባቸው። መርዙ የሚዘጋጀው በእጥፍ መጠን ነው፤ 100 ማይክሮሊትር በ100 ማይክሮሊትር ላይ ሲጨመር በግማሽ ይቀንሳልና። የኦክታይሉ ከፍተኛ ሙሙት 6.32 ሚሊሞላር እንዲሆን ከ100 ሚሊሞላሩ 63 ማይክሮሊትር በ937 ማይክሮሊትር ማሳደጊያ ፈሳሽ በርዙ። ከዚያ ወደ ታች ስትወርዱ በየጊዜው 316 ማይክሮሊትር ወስዳችሁ በ684 ማይክሮሊትር በርዙ። በየደረጃው የፒፔት ጫፍ ቀይሩ። ጫፍ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ዝልግልግ ጨው ጫፉ ላይ እየተጎተተ ዝቅተኛ መጠኖቹን ሁሉ ከታሰበው በላይ ያደርጋቸዋል።

የቡታይሉን ከፍተኛ ሙሙት በቀጥታ አዘጋጁ፤ 55.2 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር 63.2 ሚሊሞላር ይሰጣል።

ሄፕጂ-2 በቀላሉ ከወለሉ ይነሣል። ፈሳሹን በጉድጓዱ ግድግዳ በኩል በዝግታ ልቀቁ። ከዚያ 24 ሰዓት በ37 ዲግሪ። መብራት ከጠፋ የኢንኩቤተሩን በር አትክፈቱ፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ወርዶ ከቆየ ግን ፕሌቱን ለማትረፍ ከመጣር እንደገና መጀመር ያዋጣል።

7. ሁለቱ ንባቦች

ከአንድ ፕሌት ሁለት ነገር እናነባለን። አንደኛው የሕዋሱ ሽፋን መቀደዱን፣ ሁለተኛው የሕዋሱ የውስጥ ሥራ መቀጠሉን ይናገራል።

መጀመሪያ ኤልዲኤች። ይህ ኢንዛይም በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ታሽጎ ይኖራል፤ ሽፋኑ ሲቀደድ ወደ ፈሳሹ ይወጣል። 24ቱ ሰዓት ሊሞላ 45 ደቂቃ ሲቀረው በመጨረሻው ዓምድ እያንዳንዱ ጉድጓድ 20 ማይክሮሊትር 10 በመቶ ትራይተን ጨምሩ። ሰዓቱ ሲደርስ ከየጉድጓዱ 50 ማይክሮሊትር ፈሳሽ ወደ አዲስ ፕሌት አዛውሩ፣ 50 ማይክሮሊትር የምርመራውን ቅልቅል ጨምሩ፣ ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ አቆዩ፣ ማስቆሚያውን አድርጋችሁ በ490 ናኖሜትር አንብቡ። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። ሴረም ውስጥ ኤልዲኤች ስላለ ባዶው ንባብ መቀነስ አለበት። በተጨማሪም አዮናዊ ፈሳሾች ኢንዛይሞችን የመግታት ልማድ አላቸው፤ ስለዚህ ከተፈነዳ ሕዋስ የተገኘ ፈሳሽ ላይ ከፍተኛውን መጠን ጨምራችሁ የኤልዲኤች ንባቡ መውረድ አለመውረዱን እዩ። ከወረደ «ሽፋኑ አልተቀደደም» የሚለው ውጤታችሁ ሐሰት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ኤምቲቲ የተባለው ቢጫ ቀለም። ከየጉድጓዱ የቀረውን ፈሳሽ ቀስ ብላችሁ አውጥታችሁ በሚሊሊትር 0.5 ሚሊግራም ኤምቲቲ ያለበት 100 ማይክሮሊትር አዲስ ማሳደጊያ ፈሳሽ ተኩ። ከ2 እስከ 3 ሰዓት በኢንኩቤተር አቆዩት። ሕያው ሕዋስ ቢጫውን ቀለም ወደ ወይን ጠጅ ክሪስታል ይለውጣል። ፈሳሹን አውጥታችሁ ክሪስታሎቹን በ100 ማይክሮሊትር ዲሜታይል ሰልፎክሳይድ አሟሙ፣ 10 ደቂቃ አወዛውዙ፣ በ570 ናኖሜትር አንብቡ፤ 650 ማመሳከሪያ ይሁን።

8. ከቁጥር ወደ ግራፍ

የኤምቲቲ ሂሳብ ቀላል ነው። ያልተመረዘው 0.92፣ ባዶው 0.06፣ የተመረዘው 0.49 ቢነበብ፣ ከሁለቱም 0.06 ሲቀነስ 0.43 ለ0.86 ይሆናል፤ 50 በመቶ። ለኤልዲኤች ከተመረዘው ንባብ ያልተመረዘውን ቀንሱ፤ ልዩነቱን በትራይተን የፈነዳው ካልተመረዘው በሚበልጥበት መጠን አካፍሉ።

መጠኖቹን በሎጋሪዝም አግድም ዘንግ ላይ አስቀምጣችሁ አራት መለኪያ ያለውን የሎጂስቲክ ቀመር አስጠጉ። ነጻ የሆነው የአር ፕሮግራም ለዚህ በቂ ነው። መስመሩ ወደ ታች ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ የግማሽ መጠኑን፣ ማለትም ንባቡን በግማሽ የሚቀንሰውን የኬሚካል መጠን፣ ለማውጣት ግን አትሞክሩ። ቡታይሉ በ31.6 ሚሊሞላር 60 በመቶ ሕዋስ ካተረፈ፣ የሚጻፈው «ከ31.6 ሚሊሞላር በላይ» ነው። ፕሮግራሙ ተለምኖ ሌላ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ አትቀበሉት።

በአንድ ፕሌት ላይ ያሉ ሦስት ጉድጓዶች ሦስት ሙከራ አይደሉም። በሦስት የተለያዩ ቀኖች፣ ከተለያየ የሕዋስ ትውልድ፣ በአዲስ በተመዘነ ጨው የተሠሩ ሦስት ፕሌቶች ናቸው ሦስት ሙከራ የሚባሉት። የግማሽ መጠኖቹን አማካይ በሎጋሪዝም አስሉ።

9. ውጤቱ ምን ይላል?

ኤምቲቲው ወርዶ ኤልዲኤቹ ካልወጣ፣ ሕዋሱ ሞቷል ብላችሁ አትጻፉ። ኤምቲቲ የሚለካው የቀለም ለውጥ የሚያመጣውን የሕዋስ እንቅስቃሴ ነው፤ ማይቶኮንድሪያው የተገታበት ሕዋስ ሽፋኑ ሳይቀደድ ቀለም መሥራት ሊያቆም ይችላል። በኦክታይሉ መካከለኛ መጠኖች ላይ መጠበቅ ያለባችሁም ይኸው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ፣ በድንገት ከተለወጡ ግን ሽፋኑ በቀጥታ እየፈረሰ እንደሆነ ጠርጥሩ፤ ይህ በከፍተኛ መጠን የሚታይ የሳሙና ዓይነት ጠባይ ነው።

ቀጥሎ የግሉኮሱን የግማሽ መጠን ለጋላክቶሱ አካፍሉ። ወደ 1 የተጠጋ ከሆነ ማይቶኮንድሪያው ዋና ዒላማ ለመሆኑ ማስረጃ የላችሁም። 3ና ከዚያ በላይ ከሆነ ማይቶኮንድሪያው መመታቱን የሚያሳይ ጠንካራ ምልክት ነው፤ ማረጋገጥ የሚፈልግ የኦክስጅን ፍጆታን በቀጥታ ወደሚለካ መሣሪያ ይሂድ። በመካከል ያለ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሁለቱ መንገዶች ድብልቅ ነው፤ ኦክታይሉ እዚያ ቢወድቅ አትደነቁ፤ ሽፋንንም ማይቶኮንድሪያንም ይነካልና።

ከዚህ ወዲያ ያለውን መሻገር የሚከለክሉ ሁለት ወንዞች አሉ። አንደኛ፣ ሄፕጂ-2 የጉበት ኢንዛይሞቹ ደካማ ናቸው ብለናል። ኦክታይሉ በሰው ጉበት ኢንዛይሞች አማካይነት ጅራቱ ጫፍ ላይ ወደ አሲድ እንደሚለወጥ ታይቷል፤ የኒውካስሎቹ መላምት የሚያርፈውም በዚሁ ውላጅ ላይ ነው። የእኛ ሕዋስ ይህን ውላጅ በበቂ አይሠራም፤ ስለ እርሱ ለመናገር ሄፓአርጂ የተባሉትን ኢንዛይማቸው የጠነከረ የጉበት ሕዋሳት ወይም ከሰው በቀጥታ የተወሰዱ የጉበት ሕዋሳትን ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ 24 ሰዓት ለዓመታት በትንሽ በትንሹ መጋለጥን አይወክልም። ፕሌት ላይ የተገኘን ማይክሮሞላር «ለሰው አደገኛው መጠን» ብሎ መጻፍ አይቻልም። የሚቻለው «በእነዚህ ሁኔታዎች ኦክታይሉ ከቡታይሉ ይህን ያህል እጥፍ ይከፋል» ማለት ነው፤ ለአሟሚ መራጭ ኬሚስት ደግሞ ይህ ትንሽ ዜና አይደለም።

ሪፖርቱ ውስጥ የጨዉን የምርት ቁጥርና የውኃ መጠን፣ ሴረሙን፣ ስኳሩን፣ የሕዋሱን ትውልድና ብዛት፣ ሰዓቱን፣ የሶዲየም ክሎራይዱን ውጤት፣ ኢንኩቤተሩ የቆመበትን ከፍታና የተለካውን ፒኤች አስገቡ።

10. ትርፍራፊው

የኢሚዳዞሊየም ጨዎች በተፈጥሮ በቀላሉ አይበሰብሱም፤ አዎንታዊ ቻርጃቸውም ከአፈር ጋር ያጣብቃቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማጠቢያ ውኃ ሳይቀር ወደ ቧንቧ አይፈስም። መርዝና ሕዋስ የነካውን ፈሳሽ ሰፊ አፍ ባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ አጠራቅሙ፣ «ኢሚዳዞሊየም ክሎራይድ፣ የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ» ብላችሁ ቀኑን ጭምር ጻፉበት፣ ለኬሚካል ቆሻሻ ኃላፊው አስረክቡ። በረኪና ሕዋሱን ይገድላል፤ ጨዉን ግን አያጠፋላችሁም። የዲሜታይል ሰልፎክሳይዱን ቆሻሻ ለብቻው ያዙ፤ ጓንት የሚያልፍ ፈሳሽ ስለሆነ የተንጠባጠበበትን ጓንት ወዲያው ቀይሩ።